የክብርት ማከሬታ በጀትና የቤቱ ክዳን

በዓለም ላይ ያለው ቤተሰብ ሁለት ዓይነት ነው፤ ገንዘቡ መቼ እንዳለቀ የማያውቅና ገንዘቡ ገና ሳይመጣ የት እንደሚያልቅ የሚያውቅ። በሁለተኛው ቤት ውስጥ አንዲት ሴት አትጠፋም። ታውቋታላችሁ። ደመወዝ በገባ ዕለት ፊቷን እንደ ዳኛ የምታኮሳትር፣ ስኳር ስትጨምሩ ማንኪያችሁን በዓይኗ የምትሸኝ፣ "አምና በዚህ ወር ሳሙናው መቼ ነበር ያለቀው?" ብላ ጠይቃ መልሱን ራሷ የምትሰጥ ሴት። ሬዋ በሚባለው ወንዝ ዳር፣ ከናውሶሪ ገበያ ብዙም በማትርቀው መንደር፣ ይህችን ሴት ያገባት አፔኒሳ ነው።

አፔኒሳ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከናውሶሪ ሱቫ፣ ከሱቫ ናውሶሪ ሲመላለስ ይውላል። እጁ መሪውን ሲይዘው መሪው የልጅ መጫወቻ ይመስላል፤ ልቡ ደግሞ ከእጁ ይሰፋል። መንገድ ላይ ቅርጫት ተሸክማ የቆመች አሮጊት ካየ ፌርማታ ይሁን አይሁን ይቆማል። እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። እንደ እሱ ያለ ሰው በዚያ አገር ደግሞ አደጋ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዘመድ መጥቶ "ኬሬኬሬ" ካለ፣ ማለትም ያለህን ስጠኝ ብሎ ከጠየቀ፣ ይሰጠዋል። አለቀ። ለምን፣ መቼ ትመልሳለህ፣ ባለፈውስ የት አደረስከው ብሎ ነገር የለም። ያለው ሰው ከልክሎ ከተገኘ፣ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል።

ከጋብቻው በፊት የአፔኒሳ ደመወዝ ከከተማ እስከ መንደር ድረስ እየሳሳ መጥቶ፣ እናቱ ደጅ ሲደርስ የቆርቆሮ ዓሣ መግዣ ሆኖ ይቀር ነበር። ከዚያ ማከሬታ ከካንዳቩ ደሴት ተድራ መጣች።

ማከሬታ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ንግግሯ አጭር ሴት ናት። ናውሶሪ ገበያ ጎደሬ ትሸጣለች። የጎደሬ ክምሯን ስትደረድር አንዱ ከሌላው ጣት አይበልጥም፤ ገዢ ሲነካካባት "ገዝተህ ቤትህ ንካው" ትላለች። መንደሩ በገባች በመጀመሪያው ወር ባዶ የብስኩት ጣሳዎች ሰብስባ አጥባ፣ መደርደሪያ ላይ ደረደረቻቸው። አንዱ የምግብ፣ አንዱ የትምህርት ቤት፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ "የባል ኪስ"። የባሏ ታናሽ ወንድም ዋይሳሌ፣ ጎረቤታቸው ነውና ይህን ሰልፍ ባየ ዕለት ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

"ክብርት የገንዘብ ሚኒስትር! ዕድሜዎን ያርዝመው!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክብርት ናት።

ዋይሳሌ ዓሣ አጥማጅ ነው ይባላል። ጊታር አለው፤ ዓሣው ግን አልፎ አልፎ ነው። ዋርሳነቱ ከእሷ ጋር ለመቀላለድ ሙሉ ፈቃድ ይሰጠዋልና ፈቃዱን ሳይጠቀምበት ያደረበት ቀን የለም። እሷ ገንዘብ ስትጠየቅ የምትመልሰው መልስ ለእሱ ዘፈን ሆነለት። ማከሬታ "የለኝም" አትልም፤ ውሸት ነውና። "አልሰጥም"ም አትልም፤ ነውር ነውና። "አለ፤ ግን ሥራ ላይ ነው" ነው የምትለው። ጠያቂው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ሥራ ላይ ያለን ሰው ማን ይጠራል? ዋይሳሌ በማግስቱ ካቫ የሚሉትን የሥር መጠጥ ከብበው በተቀመጡበት ጊታሩን እየነካካ እንዲህ አለ፦

"የማከሬታ ዶላር ብርቱ ሠራተኛ፣
ሰንበትን አያውቅም እንዳረፍነው እኛ።"

መንደሩ ተቀበለው። ሕፃናት እንኳ ገመድ ሲዘሉ ይሉት ጀመር። ማከሬታ ሰምታ፣ "ግጥሙ ጥሩ ነው፤ ዶላሩ ግን ዘፋኝ ቢሆን ኖሮ እንዳንተ ባዶ ኪስ ይቀር ነበር" ብላ ወደ ልብስ አጠባዋ ተመለሰች።

ያ ሁሉ ሥራ ለምን እንደሆነ ግን የማያውቅ የለም። ለቤት ነው። ቤታቸው ያለው ዝቅ ያለው ዳርቻ ላይ ነው፤ የዝናቡ ወራት ሲመጣ ሬዋ ሳይጠራ የሚገባ እንግዳ ይሆናል። ሰሌኑን ያበሰብሳል፣ ፍራሹን ያስነሳል፣ ጭቃውን ትቶ ይሄዳል። አንድ ዓመት ትንሿ ልጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ውሃው እስኪጎድል ጠበቁ። ልጅቱ እየሳቀች እግሯን ውሃው ውስጥ ታንቦጫርቃለች፤ ማከሬታ ግን አልሳቀችም። ውሃው የጠረጴዛውን እግር ምን ያህል እንደያዘው ስታይ ነበር። በበነጋው "ከዚህ በላይ ከፍ ያለ ቤት" አለች። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችም። ከፍ ያለ፣ በምሰሶ ላይ የቆመ፣ ወንዙ በሥሩ አልፎ የሚሄድበት ቤት።

እርግጥ ነው፣ ትልልቅ ሚኒስትሮችም ይሳሳታሉ። በመጀመሪያው ዓመት "በእጅ ያለ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ሲሚንቶ ግን ማን ይጠይቃል?" ብላ የተረፋትን ሁሉ ሲሚንቶ ገዛችበት። ሐሳቡ ብልህ ነበር። ማንም ዘመድ ለልጁ የትምህርት ቤት ጫማ ብሎ ሲሚንቶ አይጠይቅም። ግን የሬዋ አየር እርጥብ ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ከረጢቶቹን ቢከፍቷቸው ሲሚንቶው ከረጢቱን መስሎ፣ ትራስ መስሎ፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አፔኒሳ እየተንከባለለ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ውጭ ወጣ። ዋይሳሌ ግን አልነከሰም። ያ ሁሉ ትራስ እስከ ዛሬ ከቤቱ ደጃፍ እስከ መንገዱ መረማመጃ ሆኖ ተደርድሯል፤ ማከሬታ በላዩ ስትረግጥ ዝም ትላለች። ከዚያ በኋላ የቤቱ ገንዘብ ባንክ ገባ፤ ያለ ሁለቱም ፊርማ እንዳይወጣ ተደርጎ። አፔኒሳ በማንኛውም ሰዓት ለማንም ይፈርማል። እሷ ግን አትፈርምም።

አፔኒሳን ራሱንም በጀት ውስጥ አስገባችው። ይህ የሆነው ከቤተ ክርስቲያኑ መዋጮ ቀን በኋላ ነው። በዚያ ቀን የየቤተሰቡ ስም ይጠራል፤ ተጠሪው ተነሥቶ እየተዘፈነለት ወደ ፊት ሄዶ ይሰጣል። አፔኒሳ ሰጠ። መዘምራኑ ሞቅ አሉ። አፔኒሳ ተመልሶ ሄዶ ደገመ። እናቶች እልል አሉ፤ አንዷ እንደ አገሩ ልማድ ለአድናቆት ትከሻው ላይ የገላ ዱቄት ነሰነሰችበት። ሦስተኛ ሊነሣ ሲል በሴቶቹ ረድፍ በኩል አንድ ዓይን አየ። ተቀመጠ። ወደ ቤት ተመልሰው በር ላይ ሲደርሱ፦

"እግዚአብሔር የመጀመሪያውን አይቶታል" አለችው።

"ዘፈኑ እኮ ነው ያስነሣኝ።"

"ዘፈኑን ለእግዚአብሔር ነው የዘፈኑት። አንተን ማን ተነሣ አለህ?"

ከዚያ ወዲህ ለመዋጮ ቀን ልኩን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ በሌላ ኪሱ ያለው መሐረብ ነው።

ነገር ግን የክብርትነቷ ትልቁ ሥራ "የዘመድ" ያለችው ጣሳ ነው። ከየደመወዙ ቁራሽ እየነሣች ታስቀምጥበታለች፤ የሚጠይቅ መጥቶ ይወስዳል፤ ካለቀ እስከሚቀጥለው ደመወዝ አለቀ። መጀመሪያ ላይ ዘመድ ተቆጣ። "እኛን ከሳሙና እኩል አሰለፈችን!" አሉ። ከዚያ ለመዱት። እየቆየ ደግሞ ደመወዝ ቀን እሷ ደጅ መሰብሰብ፣ እርስ በርስ መከራከር ጀመሩ። አፔኒሳ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ አጎት ኢኖኬ ዋይሳሌን በከዘራው ደረቱን ገፍቶ ሲያቆመው ደረሰ።

"አንተ ለምንድን ነው የመጣኸው?"

"ለጊታር ክር ነው አጎቴ።"

"ለጊታር ክር! የአክስትህ የቪሊማይና የልጅ ልጅ መድኃኒት አጥታ፣ አንተ ክር? ወደ ኋላ ሂድ! ከሰልፉ መጨረሻ ቁም!"

"ሙዚቃም መድኃኒት ነው እኮ!"

"እንግዲያው ለራስህ ዝፈንና ዳን።"

ማከሬታ ጣሳውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጣሳውን ለአጎት ኢኖኬ ሰጥታው ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ማን ቀድሞ እንደሚወስድ የሚወስነው እሱ ነው፤ ክብርት ሚኒስትር ሰጥታ ትገባለች። አፔኒሳ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው። ሚስቱ እንደሚወራባት ቋጣሪ አይደለችም። በእጁ ተበትኖ ይጠፋ የነበረው ነገር አሁን የልጅ መድኃኒት ሆኖ እየደረሰ ነው።

ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ምሰሶዎቹ ቆሙ። ወለሉ ተነጠፈ፣ ግድግዳው ተመታ። ከመንገድ ሲያዩት ክንፉን ያልዘረጋ ወፍ ይመስላል፤ ክዳን ብቻ ቀረው። የክዳኑ ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል። ልክ ያን ጊዜ በሰሜን ባሉት ደሴቶች አውሎ ነፋስ ተነሥቶ የብዙ ሰው ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደ፤ ሁሉም ቆርቆሮ ሊገዛ ወጣ፤ ዋጋውም ወጣ። ማከሬታ ከሱቁ ባዶ እጇን ተመለሰች። ያላት ገንዘብ ከክዳኑ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። ሰማዩ ደግሞ በተራሮቹ በኩል መጥቆር ጀምሯል።

አፔኒሳ እንዲህ አላት፦ "የዘመድ ጣሳውን ለጥቂት ወር እንዝጋው። ይገባቸዋል።"

"አይሆንም።"

"ለምን? የኛው ገንዘብ አይደል?"

"እዚያ ከገባ በኋላ የነሱ ነው። የሰው ነገር ወስጄ ጣሪያ አልሠራም።"

"እንግዲያው ዘመድ እንጠይቅ። ዋይሳሌ ለጀልባው መጠለያ የሚሆን ቆርቆሮ አለው። አክስቶቼም አያጡም..."

ማከሬታ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። አፔኒሳ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነግራው ያለፈችውን ያውቃል። አባቷ በካንዳቩ የታወቀ ጠያቂ ነበር። ከቤት ቤት ሲዞር ቅርጫቱን የምትይዝለት እሷ ነበረች። በየደጁ ሲደርሱ ሰዎቹ ከአባቷ ፊት በፊት የሚያዩት ያችን ልጅና ያችን ቅርጫት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው ስጠኝ ብላ አታውቅም። ገበያ ላይ ውሃ ሲጠማት እንኳ ቤቷ እስክትደርስ ትታገሣለች።

"አልችልበትም" አለችው ቀስ ብላ። አፔኒሳ ይህችን ሴት ስለ ምንም ነገር እንዲህ ስትል ሰምቷት አያውቅም።

ግን ሰማዩ አልታገሠም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞሮ የወንዙ ሽታ እስከ ገበያው ሲመጣ፣ ማከሬታ ጎደሬዋን አስቀድማ ሸጣ፣ እንደ ደንቡ ለሚለመን ሰው የሚቀርበውን የካቫ ሥር ጥቅልል ገዝታ ተመለሰች። "ና ተከተለኝ" አለችው አፔኒሳን። ዋይሳሌ ቤት ሄደው በሩ አጠገብ ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። ጥቅልሉን ፊቷ አኖረች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ዋርሳ፣ ለቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ያስፈልገኛል። ከየደመወዙ እየቀነስኩ እስከ ፋሲካ ከፍዬ እጨርሳለሁ።"

ዋይሳሌ ወንድሙን አየ። "ጋሼ፣ ሚስትህ ምን አለች?"

"ቆርቆሮ ፈልጋ ነው።"

"እኔ የሰማሁት ግን ባንክ ነው። እትዬ፣ ይህ ብድር ነው። እዚህ ቤት ብድር አይሰጥም። ውጪና እንደገና ግቢ።"

"ምን?"

"ውጪ ነው የምልሽ! ስንት ዓመት ሙሉ እኔ አንቺ ደጅ ስንት ጊዜ ወጥቼ ገባሁ?"

አፔኒሳ ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። ወጣች። ተመልሳ ገባች። ተቀመጠች።

"ዋይሳሌ፣ የማትፈልገው ቆርቆሮ ካለህ፣ ዋጋውን በዓሣ መረብ..."

"ውጪ!"

በዚህ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ መስኮት ላይ ነው። ዋይሳሌ ጊታሩን አነሣ፦

"በሩን ክፈቱላት፣ ሰሌኑን አንጥፉ፣
ሰጪዋ ልትጠይቅ ቆማለች ደጃፉ።"

ሳቅ ሆነ። ማከሬታ ደጃፉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ቆየች። ትከሻዋ ሲወርድ አፔኒሳ አየ። ተነሥቶ ይዟት ሊሄድ ቃጣው። ያን ጊዜ ዞረች። አልተቀመጠችም፤ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ድምፅዋም የገበያ ድምፅዋ አልነበረም።

"ዋይሳሌ፣ ክዳን የለኝም። ዝናቡ መጣ። ስጠኝ።"

ሳቁ ቆመ። ዋይሳሌ ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አላገኘም።

"እትዬ" አለ፣ "አንቺ ለኛ ጣሳ አለሽ። ከጣሳሽ ያልበላ የለም። እኛ ግን ለአንቺ አንዲት ነገር ሰጥተን አናውቅም፤ አልጠየቅሽማ። 'እነሱ ቤት የሚጠየቅ ነገር የለም' ብለሽ ነው ብለን ተውነው። ይህ ነገር እንዴት እንደሚያሳፍር ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም ነበር" አለች።

"እንግዲህ እወቂው። ያለኝን ቆርቆሮ ውሰጂ። ግን ከኔ ብቻ ወስደሽ ቤት ከከደንሽ ሌሎቹ እኔን ነው የሚቀየሙኝ። ተነሺ፣ ሁሉም ጋ እንሄዳለን።"

ሄዱ። አፔኒሳ ከኋላ ነው። አጎት ኢኖኬ ቤት ስትደርስ ድምፅዋ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር። ከእሱ በኋላ ባሉት ቤቶች ትንሽ ቀና አለች። አክስት ቪሊማይና ያላት ቆርቆሮ አንድ ብቻ ነው፤ ዝገት የበላው፣ የዶሮዎቿ መጠለያ ላይ ያለ። ማከሬታ አይታው "ይቅር እማማ፣ ዶሮዎቹስ?" ብትላት አሮጊቷ ከዘራዋን አነሣች።

"ከዋይሳሌ ወስደሽ የኔን ልትንቂው ነው? ዶሮዎቼ ቅጠል ይበቃቸዋል። ያዢ!"

ያዘች። በመጨረሻው ቤት ላይ ማከሬታ ቆርቆሮውን ከተቀበለች በኋላ መውጣት ትታ ዓይኗን ጥግ ላሉት ምስማሮች ላከች። "እነሱንም ስጡኝ" አለች። ዋይሳሌ ከሳቁ የተነሣ ዛፍ ይዞ ቆመ። "ጋሼ፣ ያስተማርናት መሰለህ? አባቷ ውስጧ ነበር እኮ!" አለ። አፔኒሳ ልቡ ስንጥቅ አለ፤ ስለ አባቷ ማንም ፊቷ አንሥቶ አያውቅማ። ማከሬታ ግን ምስማሮቹን በቀሚሷ ይዛ፣ "አዎ" አለች፣ "ጎበዝ ነበር።"

ቅዳሜ መንደሩ ተሰብስቦ ከደነ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብረት መልክ ያለው፣ የጀልባ ቀለም የተቀባ፤ ጣሪያው የተጣፈ ሸሚዝ መሰለ። ዝገት የበላውን የአክስት ቪሊማይናን ቆርቆሮ ከኋላ በኩል ሊያደርጉት ሲሉ ማከሬታ ከታች ጮኸች።

"እሱን ከበሩ በላይ! ከፊት!"

"ያፈሳል እኮ እትዬ!"

"ያፍስ። ከሥሩ ባልዲ አኖራለሁ። ባልዲ በበጀቱ አለ።"

ዝናቡ የመጣው እሑድ ነው። ሬዋ ሞላ፣ ዳርቻውን አለፈ፣ በአሮጌው ቤት በኩል እንደ ልማዱ ገባ። ከዚያ ወደ አዲሱ መጣ። በምሰሶዎቹ መሃል፣ በወለሉ ሥር፣ ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍና የኮኮናት ፍሬ ተሸክሞ አለፈ። ትንሿ ልጅ በወለሉ ክፍተት ቁልቁል እያየች እጇን አወዛወዘችለት። ከላይ ዝናቡ በየቆርቆሮው ላይ የየራሱን ድምፅ ያሰማል። ወፍራሙ ላይ ይደልቃል፣ ስስ የሆነው ላይ ያንቆረቁራል፣ በሩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ዝቅ ያለው ዳርቻ ላይ ያሉት ዘመዶች ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዲሱ ቤት ወጥተዋል። ማከሬታ መሃል ቆማ ማን የት እንደሚቀመጥ ስትመድብ ዋለች። የተሰጠውን ቦታ ትቶ የተንቀሳቀሰ የለም።

ውሃው ከጎደለ በኋላ ባለ አንድ ቀን አፔኒሳ ረፍት ላይ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠጋግናል። ማከሬታ ጎደሬ በኮኮናት ወተት እየሠራች ነው። የጨውን ዕቃ አነሣች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ አየች። አፔኒሳም ከተቀመጠበት አየ፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ዘገነችና ድስቱ ውስጥ ጨመረች። ከዚያ መልሳ ከደነችው፤ ወደ መስኮቱ ሄደች።

"ዋይሳሌ!" ብላ ተጣራች። "ጨው ስጠኝ!"

"ጨው ብቻ?" አለ ድምፁ ከወዲያ። "ስትጠይቂ በደንብ ጠይቂ እንጂ!"

ለመስጠት ሮጦ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን በኮኮናት ቅርፊት ጨው ይዞ በጭቃው ውስጥ እየሮጠ መጣ። ማከሬታ ፊቱ ሁሉንም ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው።

ምሳው ሲቀርብ ጎደሬው ከጨው ብዛት ምላስ ያቃጥል ነበር። ዋይሳሌ አንድ ጉርሻ ጎርሶ ውሃ ፍለጋ ተነሣ። አፔኒሳ ግን ሳህኑን ጠርጎ በላና ለሚስቱ ዘረጋላት።

"እስቲ ድገሚኝ" አላት።